ፒ የሌለው አውቶማቲክ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂዋ ባሕር ዳር የምትኖር አስተማሪ ናት። ሦስት ልጆች አሏት፤ ትንሹ ገና 4 ዓመቱ ነው። የባለቤቷ ሥራ ዳንግላ ስለሆነ በሳምንቱ ቀናት መኪናውን የምትነዳው እሷ ናት። እሁድ ግን ሁሉም ተሰብስበው እናቷን ለማየት መራዊ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴም እናቷን ይዘው ይመለሳሉ። «ያለን ብር ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ያነሰ ነው» ትላለች። «ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ቤተሰብ የሚይዝ እፈልጋለሁ። ደላላው ከአውሮፓ የገባ የ2008 ኮሮላ አሳይቶኛል፤ በጣም ንጹሕ ነው። አንድ የ2006 ኮሮላም ነበረው፣ ግን ቀለሙ ተጫጭሯል፣ እሱን ተዪው አለኝ። ወንድሜ ራቭ4 ካልሆነ አትግዢ ይላል፤ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ አቫንዛ። ነገ ለ2008ቱ ቀብድ ልከፍል ነው። ፎቶዎቹን ልኬያለሁ፤ ምን ትለኛለህ?»

እህቴ፣ ቀብዱን ያዢው። ሌላውን ቀስ ብዬ አወራሻለሁ፤ ይቺ ግን ትቅደም።

ከላክሻቸው ፎቶዎች ሦስተኛውን አጉልተሽ እይው፤ የማርሹ ዘንግ የሚታይበትን። ከዘንጉ አጠገብ የተጻፉት ፊደላት አር፣ ኤን፣ ኢ እና ኤም ናቸው። መኪናው ሲቆም የሚታሰርባት ፒ የለችም። ወደፊት የሚኬድባት ዲም የለችም። ደላላው አውቶማቲክ ነው ያለሽ የፍሪሲዮን ፔዳል ስለሌለው ነው፤ በሱ ቤት ሁለት ፔዳል ያለው ሁሉ አውቶማቲክ ነው። ይሄ ግን ቶዮታ በዚያ ዘመን ለአውሮፓ ገበያ መልቲሞድ እያለ ያወጣው ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ነው። ውስጡ ማንዋል ነው። ፍሪሲዮኑም እንደማንኛውም ማንዋል የሚበላ፣ የሚያልቅ ፍሪሲዮን ነው። ልዩነቱ፣ በአንቺ እግርና እጅ ፋንታ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ፍሪሲዮኑን ይረግጡልሻል፣ ማርሹን ይለውጡልሻል። እነሱን ደግሞ ኮምፒውተር ያዛቸዋል።

አዲስ እያለ ክፉ አይደለም። ችግሩ ሲያረጅ ነው፤ ያውም እኛ ጋ ሲያረጅ። ባጃጅ በግራም በቀኝም እየተጋፋሽ፣ አንድ ሜትር ሄደሽ ስትቆሚ፣ ደግሞ አንድ ሜትር ሄደሽ ስትቆሚ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ዳገት ላይ ፍሬን ሳትይዢ በነዳጅ ብቻ እንዲቆም ካደረግሽው ደግሞ ሽታው ራሱ ይነግርሻል። ከዚያ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ አንገትሽን መነቅነቅ ይጀምራል። አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹን ጭነሽ ኤን ላይ ይቆምና «አልገባም» ይላል። ፍሪሲዮኑ ቢቀየርለት እንኳ አዲሱን እንዲለምድ በኮምፒውተር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን መሣሪያ የያዘ፣ ይዞም የሚያውቅበት ባለሙያ በከተማችን በጣት የሚቆጠር ነው። መኪናው ከሌሎቹ ኮሮላዎች ረከስ ያለው ለምን ይመስልሻል? ደላላው ዋሽቶሻል አልልም፤ እሱም ላያውቅ ይችላል።

በዚያው የአውሮፓ ዘመን የገቡ አንዳንድ ያሪሶችና አውሪሶችም ይሄው ካምቢዮ አላቸው። ሱዙኪ ዲዛየርም ቢሆን ሁለት ዓይነት «አውቶማቲክ» አለው፤ አንዱ ፒ ያለው፣ አንዱ የሌለው። ስለዚህ ፎቶ ሲልኩልሽ ከፊት መብራቱ በፊት የማርሹን ፎቶ ጠይቂ። ፒ ከሌለው የመሄጃ ነዳጅሽን አታባክኚ፤ እሱንም ተሰልፈሽ ነው የምትቀጂው።

ፒ አለው ማለት ግን ጨረስን ማለት አይደለም። ፒ ካላቸው መካከል አንቺ በምትፈልጊው ዋጋ ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። አንደኛው የድሮው፣ ቶርክ ኮንቨርተርና አራት ማርሽ ያለው ነው። በሱ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙት በዘይት በኩል ስለሆነ ለስላሳ ነው፣ ይታገሣል፣ ባለቤቱ ዘይቱን ረስቶት እንኳ ለመሞት ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው ሲቪቲ ነው። ሲቪቲ ማርሽ የለውም፤ በሁለት ፑሊዎች መካከል የሚሮጥ የብረት ቀበቶ ነው። ቪትዝ ውስጥ ብዙ አለ፣ ከጃፓን የገቡ ኮሮላዎች ውስጥም አለ። ነዳጅ ይቆጥባል፣ አካሄዱም ደስ ይላል፤ ነገር ግን የራሱን ዘይት ብቻ ነው የሚጠጣው። አንድ ጊዜ የሌላ ካምቢዮ ዘይት ከተሞላበት ቀበቶው ፑሊው ላይ መንሸራተት ይጀምራል፣ ብረቱ ይፋቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ሳይሆን የሚቀየር ነው። እዚህ ደግሞ ያገለገለ ሲቪቲ ስትገዢ ከአንቺ በፊት ማን ምን እንደሞላበት የሚነግርሽ የለም። አዲስ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር። በአንቺ ብር ግን ምርጫዬ ባለአራት ማርሹ ነው። በነዳጅ ትንሽ ይጎዳሻል፤ ይጉዳሽ።

ይህን ያህል ስለ ካምቢዮ የምለፈልፈው ወድጄ አይደለም። የሞተር መካኒክ በየሰፈሩ አለ። የፒስተን ፋሻ ይቀይርልሻል፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ያስሞርድልሻል፣ ክፉም ደግም ቢሆን ከመንገድ አትቀሪም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከፍቶ ዘግቶ የሚመልስ ግን ጥቂት ነው። ዕቃውም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ደግሞ ክፍት ሲሆን ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ አውቶማቲክ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ካምቢዮውን ነው። ወንበሩ፣ ሬድዮው፣ ቼርኬው ምርቃት ነው።

ገበያው ለምን እንዲህ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። በኛ አቆጣጠር ጥር 2016 ላይ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ እንደከለከለ ሰማን። ከዚያ ወዲህ የምንገዛዛው እዚሁ ያለውን ነው፤ አንዱ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲያረጅ መርከስ ሲገባው ባለበት ይቆማል፣ እንዲያውም ይጨምራል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ለጥገና ከሚያወጣ ለቀለምና ለወንበር ልብስ ማውጣት ይቀለዋል። ዋጋ በዝርዝር የማልጽፍልሽም ለዚህ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት በወሩ ያስቅብኛል።

አሁን ሰው ቁጠሪ። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ሦስት ልጆች፣ እናትሽ። ስድስት ናችሁ። ኮሮላ አምስት ሰው ነው የሚይዘው። ትንሹን እናትሽ ይታቀፉት እንዳትዪኝ፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድንገት ፍሬን ቢያዝ የታቀፈ ልጅ ከእጅ ይወጣል። እውነተኛው ጥያቄ፣ ስድስት የምትሆኑት በወር ስንት ቀን ነው? «አንዳንዴ» ብለሻል። በወር አንድ ወይም ሁለት ቀን ከሆነ ባለቤትሽ ያን ቀን በሚኒባስ ይከተላችሁ። ቀልዴን አይደለም። ለሁለት ቀን ተብሎ ለ28 ቀን የማይመች መኪና አይገዛም።

እናትሽ ጠቅልለው ሊመጡ ከሆነ ግን አቫንዛ ያለችሽ የሥራ ባልደረባሽ ልክ ናት። ሰባት ሰው ይይዛል፣ ከኮሮላ ከፍ ይላል፣ አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። የሦስተኛው ረድፍ ወንበር ሲዘረጋ ከኋላው የሚቀረው ቦታ የባልዲ ያህል ነው፤ ከመራዊ ስትመለሱ ደግሞ በባዶ እጅ እንደማትመጡ አውቃለሁ። ሁለተኛው ጉልበቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ወረቀቱ ላይ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ የተጻፈለት ባለ 1.3 አቫንዛ እዚህ 75 አይሞላም። በሱ ላይ ሰባት ሰውና አንድ ጆንያ ጫኚበት። ለመራዊ ሜዳ ነው፣ ይሄዳል። ጎንደር እንሄዳለን ወይም ዓባይ በረሃን እናቋርጣለን ካላችሁ ባለ 1.5ቱን ፈልጊ። እኔ ጋ ከሚመጡት አቫንዛዎች ብዙዎቹ ማንዋል ናቸው፤ አውቶማቲኩን ለማግኘት ትዕግሥት ያስፈልግሻል።

ራቭ4ን በተመለከተ ወንድምሽን ሰላም በይልኝ። ያማረ መኪና ነው፤ ጭቃም ላይ ጥሩ ነው። ግን በአንቺ ብር የምታገኚው በፈረንጆቹ ከ2001 እስከ 2005 ባለው ጊዜ የተሠራውን ነው፤ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ባለ 2.0 ሞተሩም የታወቀ ሕመም አለበት፤ ቴስታታውን የሚይዙት ብሎኖች የሚገቡበት የሞተሩ ጥርስ ከኋላ በኩል ይበላና ውኃ ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ሙቀት ይነሳል፣ ከዚያ ሞተር መውረዱ ነው። ነዳጁ ደግሞ አለ። ቤንዚን ለመቅዳት ተሰልፈሽ የምታድሪባት ከተማ ውስጥ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር የሚሄድና 10 የሚሄድ አንድ አይደለም። መራዊ አስፋልት ነው፣ ትምህርት ቤቱ አስፋልት ነው። ራቭ4 የምትፈልጊው ወንድምሽን ለማስደሰት ካልሆነ በስተቀር ለምንም አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪና ግዢ የሚሉሽም ይኖራሉ። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞርና ግቢው ውስጥ ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው አልቃወምም። የጠየቅሽኝ ግን ቤንዚን ነው፣ እሱን እንጨርስ።

የኔ ምርጫ ከ2004 እስከ 2007 ያለው ኮሮላ ነው፤ ባለ 1.6 ወይም 1.8፣ ባለአራት ማርሽ አውቶማቲክ። ታይሚንጉ በካቴና (በብረት ሰንሰለት) ስለሆነ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ይበጠሳል የሚል ሥጋት የለም። መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። አንድ ነውር አለበት፦ የዚህ ሞተር ዘር፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት፣ ዘይት ይበላሉ። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፣ የዘይት ፋሻዋ ትጣበቃለች። ዘይት መብላቱ ብቻውን አይገድልሽም፤ የሚገድለው ዘይት እየበላ መሆኑን አለማወቅ ነው። እንዴት እንደምታውቂው አሁን እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን የተሞኘሁበትን ላውጋሽ። በኛ አቆጣጠር በ2009 ለአማቼ ኮሮላ ልገዛ ሄድኩ። 20 ዓመት መኪና ሥር የተኛሁ ሰው ነኝ፤ ማን ያታልለኛል ብዬ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ስንደርስ ሞተሩ እየሠራ ነው። ባለቤቱ «አሁን ከገበያ መግባቴ ነው» አለ። ነዳሁት፤ ማር ነው። ፈረምን፣ ከፈልን። በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስነስቼ ዲ ላይ ጣልኩት። ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ቆጠርኩ። ከዚያ ከኋላ በመዶሻ እንደመቱት «ዷ!» ብሎ ገባ። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ጎማዎች ደርቀው ነበር። ሲሞቁ ለስልሰው ግፊቱን ይይዛሉ፣ ሲቀዘቅዙ ያሾልካሉ። ሰውየው ይህን ስለሚያውቅ አሙቆ ነው የጠበቀኝ። ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ሁለት ወር ግቢ ውስጥ ቆመ፤ አማቼ ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቅዞ ነበር፣ እስካሁንም በደንብ አልሞቀም።

ስለዚህ በጠዋት ሂጂ። ደርሰሽ መጀመሪያ የምታደርጊው እጅሽን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ለብ ካለ «ነገ እመለሳለሁ» በይና ውጪ፤ ቡና ቢያቀርቡልሽም ጠጥተሽ ውጪ።

ቀዝቃዛ ከሆነ ግቢና ቁልፉን አዙሪ፤ ሞተሩን ግን አታስነሺ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ መብራት አለባቸው። የሞተር ምስል ያላትን ቢጫዋን ፈልጊ። ካልበራች አምፖሏን አውጥተዋታል ወይም ሽቦዋን ቆርጠዋል፣ ይህን የሚያደርግ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለው። አሁን አስነሺው። የፍሬን ፔዳሉን ረግጠሽ ከኤን ወደ ዲ አስገቢ፣ ቁጠሪ። አንድ ሰከንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ወደ ኤን መልሺ፣ ወደ አር አስገቢ። አር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ነው። ዘግይቶ በድንጋጤ የሚገባ ከሆነ የኔን አማች አስታውሺ።

የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ያላቸው ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ፒ ላይ እንዳለ አውጪና ነጭ ሶፍት ላይ ጥረጊው። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ይሁን። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው የውስጡ ሸራዎች እየተቃጠሉ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ገና ቀዝቃዛ እያለ፣ ከማስነሳትሽ በፊት ክፈቺው፤ ሲሞቅ ከከፈትሽው ፊትሽን ያቃጥልሻል። ውስጡ እንጆሪ የገባበት ወተት የመሰለ ነገር ካየሽ ዝጊውና ወደ ቤትሽ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ ያ ቱቦ ሲሸነቆር ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ፣ ውኃ የጠጣ ካምቢዮ ደግሞ አይድንም።

ከዚያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጪ። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከዚያ የተሻለ መፈተኛ የለንም። ሦስት ሰው ጫኚ፣ ብቻሽን አትሂጂ። ዳገቱን በግማሽ ነዳጅ ስትወጪ ማርሽ ሲቀያየር ይሰማሽ፣ ግን አይምታሽ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተከተለው ካምቢዮው እየሸሸ ነው። ኦዲ ኦፍ የምትል (የመጨረሻው ማርሽ መዘጋቱን የምታሳይ) መብራት ብልጭ ድርግም ካለች ኮምፒውተሩ ጥፋት መዝግቧል ማለት ነው። ላይ ደርሰሽ ትንሽ አረፍ በይ፣ ዓባይ ከጣና ሲወጣ እይ፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በሚኒሞ ይሥራ። ከዚያ ዘንጉን ሁለት ላይ አድርገሽ ነዳጅ ሳትረግጪ ውረጂ። ሜዳው ላይ ስትደርሺ አንዴ ጠበቅ አድርገሽ ርገጪው፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይይልሽ። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ያ ዘይት በሊታ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ስለተዘጋ ሞተሩ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ስትረግጪ ያቃጥለዋል። ትንሽ ከሆነ ዋጋ መቀነሻ ነው፣ እንደ ማዕጠንት ከተጨሰ ተዪው።

አንድ ሌላ የኛ አገር በሽታ አለ። ሞተር ትንሽ ሲሞቅ ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ዕቃ፣ አውጥቶ መጣል ነው። መርፌዋ ትወርዳለች፣ ባለቤቱ ያመሰግናል። ካምቢዮው ግን ሞተሩ እስኪሞቅ የመጨረሻውን ማርሽ አይሰጥም፤ ስለዚህ ቴርሞስታት የሌለው አውቶማቲክ ቀዝቅዞ በሦስተኛ እየጮኸ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይጠጣል። ለማወቅ ቀላል ነው። ከተነሳ በኋላ የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ዳብሺው። ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ ከዚያ ድንገት መሞቅ አለበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ የሚል ከሆነ ቴርሞስታቱ የለም። ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ጥያቄው ለምን አወጡት የሚለው ነው።

ስለ ቦዲው። የጣና ዳር መኪና ይዝጋል ሲሉ ትሰሚያለሽ። ጣና ጨው የለውም፤ እኔ ከሥር ተበልቶ ያየሁት ይልቅ ከአውሮፓ የመጣው ነው። እነሱ ክረምታቸው ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገዱን ጨው ይነሰንሱበታል። ከላይ እንደ መስታወት የሚያበራ «የአውሮፓ ንጹሕ» ከሥር በስልክሽ መብራት እይው። የመስታወቶቹ ጥግ ላይ የተጻፉት ምልክቶችና ቁጥሮች የሚመሳሰሉ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከተለየ በዚያ በኩል ምን እንደደረሰ ጠይቂ። በሩን በጣትሽ አንኳኪ፤ ስቱኮ የበዛበት ድምፁ እንደ ግድግዳ ደንዝዞ ይመጣል። ጎማው ላይ ባለአራት አኃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ 10 ዓመት የሞላው ጎማ ልጅ አይጫንበትም።

ክረምት ላይ ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ በዚያ ውኃ ውስጥ ቆሞ የታጠበ መኪና ገበያችን ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ሽቶ ሽቶ የሚል፣ ወንበሩ አዲስ ልብስ የለበሰ ቪትዝ እይልኝ ተባልኩ። የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳብኩት። ከግማሹ ጀምሮ ቡናማ መስመር ነበረው፣ ልክ ግድግዳ ላይ ጎርፍ የደረሰበትን እንደሚያሳየው። የስኮርታ ጎማውን አነሳሁ፤ ሥሩ የደረቀ ጭቃና የሩዝ ገለባ። ሻጩ «ሩዝ ጭነንበት ነው» አለኝ። ከስኮርታ ሥር? ገዥዋን ይዤ ወጣሁ።

ወረቀቱን ባጭሩ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ራስሽ አመሳክሪ፤ ደላላው «አይቼዋለሁ» ሲልሽ አትቀበዪ። ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ ዕዳና እገዳ፣ የባንክ ብድር፣ የትራፊክ ቅጣት እንደሌለበት አረጋግጪ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ሻጩ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፣ ካላገባ ያላገባበትን ማስረጃ ያምጣ። በውክልና ልሽጥልሽ የሚል ካለ ባለቤቱን በስልክም ቢሆን ሳታገኚ አንድ ብር አትስጪ፤ ወካዩ ነገ ውክልናውን ሊያነሳ ይችላል፣ አንቺ መኪናውን ይዘሽ ወረቀት አልባ ትቀሪያለሽ።

ስለ ብሩ ደግሞ፣ ያለሽን በሙሉ መኪናው ላይ እንዳትጨርሺ። ከአሥር አንዱን፣ ከተቻለ ከዚያ በላይ ለይተሽ አስቀምጪ። ከሱ ላይ የደላላ ኮሚሽን፣ ስም ማዞሪያና መድን ይወጣሉ። ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይት፣ ማጣሪያዎች፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ። የካምቢዮውን ዘይት በተመለከተ ደግሞ በማሽን እናጥበው የሚልሽን አትስሚ። ያረጀ ካምቢዮ ውስጥ በግፊት ሲታጠብ የተኛ ቆሻሻ ይነሳና ጠባብ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከሥሩ ያለውን ታፖ (የዘይት ማውረጃ ብሎን) ፈትተሽ የሚወርደውን ብቻ አውርጂ፤ 3 ሊትር ገደማ ነው። ያንኑ ያህል ሙዪ፣ ለጥቂት ሳምንታት ንጂው፣ ድገሚው። ለእነዚህ ኮሮላዎች የሚሆነው ዘይት ቲ-ፎር የሚባለው ነው። ቀይ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በሊትር እየተለካ ከበርሜል የሚሸጠውን አትግዢ።

አሁን ወደ ደላላሽ እንመለስ። «ተዪው» ያለሽን የ2006 ኮሮላ ፎቶ አይቼዋለሁ። በሩ ተጫጭሯል፣ አንድ ፍሬቻው ተሰንጥቋል፣ ወንበሩ የመጣበትን ልብስ ነው የለበሰው። የማርሹ ፎቶ ላይ ግን ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ፣ ሁለት፣ ኤል ተጽፏል። በሩ በባትላሜራ በሦስት ቀን ያልቃል። የ2008ቱን ተዪና ለዚህኛው ደውዪለት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንደምትመጪ፣ ከዚያ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገሪው። «ከሰዓት ይሻለኛል» ካለሽ ለምን ብለሽ ጠይቂው። ከሄድሽ ደግሞ ከኤን ወደ ዲ ስታስገቢ አንድ ሰው ስልኩን ከማርሹ አጠገብ ይዞ ይቅረጽልሽና ላኪልኝ፤ ድምፁን እሰማዋለሁ።